ዘጠነኛው ቀን

ሌሎች ሴቶች የወደዱትን ሰው ሲያስታውሱ ከዓይኑ ወይም ከድምፁ ይጀምራሉ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት የበሰበሰ መንጋጋውን ነው። ምን ላድርግ፣ የጥርስ ሐኪም ነኝ። አፉን በሰፊው ከፍቶ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ተኝቶልኝ ነበር። "ያማል?" አልኩት። አፉ በጥጥና በመስታወት ስለተሞላ በቅንድቡ መለሰልኝ። ጉድ የሠራኝ ያ ቅንድብ ነው።

ቦታው ከጎዳና ተነሥተው ከሱስ ለመላቀቅ የሚታገሉ ሰዎች የሚኖሩበት ማገገሚያ ቤት ነው። የሰፈሩ ሰው ተሰባስቦ ያቋቋመው ቤት ስለሆነ እያንዳንዱ ያለውን ይሰጣል፤ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ዳቦ፣ ፋርማሲው ፋሻና ጥጥ፣ ጡረታ የወጡት መምህር ጊዜያቸውን። ነዋሪዎቹም እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም። ግቢው ውስጥ ባለው ትልቅ ላውንደሪ የሆቴሎችን አንሶላ ያጥባሉ፣ ይተኩሳሉ፣ ያጣጥፋሉ። የእኔ ድርሻ ሐሙስ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ክሊኒኬን ዘግቼ፣ ከላውንደሪው ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ጥርስ እነቅላለሁ፣ እሞላለሁ፣ "ስኳር ቀንሱ" እያልኩ ሰው አሰለቻለሁ።

እሱን ሁሉም "ሹፌሩ" ይለዋል። የረጅም መንገድ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። ከአደጋ በኋላ ለወገቡ የታዘዘለት የሕመም ማስታገሻ ወገቡ ከዳነም በኋላ አልለቅህ አለው። መጀመሪያ ሥራውን፣ ቀጥሎ ቤቱን፣ በመጨረሻም ዘመዱን ሁሉ አሳጣው። ሦስት ዓመት ሙሉ የአውቶቡስ መናኸሪያው አጥር ሥር አድሯል። ጠዋት የሚቀሰቅሰው ራሱ ይነዳው የነበረው አውቶቡስ ሞተር ነበር አሉ። ይህን የነገረኝ ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ስለ ራሱ ብዙ አያወራም።

አያወራም እንጂ ይጽፋል። የቀጠሮ ካርድ እሰጠዋለሁ፤ ካርዱ ላይ "ሐሙስ፣ አራት ሰዓት" ብዬ እጽፍበታለሁ። በሳምንቱ ሲመጣ ካርዱን ሲመልስልኝ ጀርባው ላይ አንድ መስመር ሰፍሮበታል። የመጀመሪያው "ዶክተር፣ ዛሬ ሁለት መቶ አንሶላ ተኩሻለሁ፤ አንዱም እንደ ጋውንዎ አልነጣም" ይላል። ሳቅኩና መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሁለተኛውን ቦርሳዬ ውስጥ። ሦስተኛውን ትራሴ ሥር። በስድስተኛው ካርድ ላይ "እርስዎ" ቀርቶ "አንቺ" ሆንኩ። "ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ለምን እንደተፈጠሩ የምታውቂ ከሆነ ንገሪኝ፤ እኔ ጥቅማቸው አልታየኝም" ይላል። እስቲ ይህን አንብባ ሆዷ ያልባባ ሴት ካለች እጇን ታውጣ!

የጭንቄ ምንጭ አባዬ ነው። አባቴ የሕንፃ ተቋራጭ፣ የማገገሚያ ቤቱም የቦርድ ሰብሳቢ ነው። ጣሪያውን ያሠራው እሱ፣ ማሽኖቹን ለምኖ ያስመጣው እሱ ነው፤ ይህን አልክድም። ማይክሮፎን ከያዘ ደግሞ "እነዚህ ወንድሞቻችን" ሳይል ንግግር አይጨርስም። ስለዚህ አንድ ቀን ምሳ ላይ ዓይኔን በጨው አጥቤ ጠየቅኩት።

"አባዬ፣ ወንድሞችህ ከሆኑ አንዱ አማችህ ቢሆን ምን ይለዋል?"

ሹካውን አስቀመጠ። ስለ ማን እንደማወራ ሳልነግረው ገባው።

"መርዳት ሌላ፣ ልጅን መስጠት ሌላ" አለኝ ቀስ ብሎ። "ስንቱን አይቻለሁ መሰለሽ! ስድስት ወር ደህና ይሆናሉ፤ ከዚያ አንድ ቀን ስትመጪ አልጋው ባዶ ነው። እንደዚያ ባለ አልጋ አጠገብ ተቀምጠሽ ስታለቅሺ ማየት አልፈልግም።"

"እሱ እንደዚያ አይደለም።"

"ሁሉም እንደዚያ አይደለም ይባልለታል" አለና ውኃውን ጠጣ። "እሺ፣ ከእኔ ጋር አትጣዪ። አንድ ዓመት። አንድ ዓመት ሙሉ ሳይነካ ይቁምልኝ፤ ቁልፉን በእጄ እሰጠዋለሁ፣ የቤቴንም በር በእጄ እከፍትለታለሁ። አንዲት ቀን ከጎደለች ግን ስሙን ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።"

ቁልፉ የቤቱ ልማድ ነው። ጠዋት ጠዋት ማሽኖቹ ከመነሣታቸው በፊት ነዋሪው ሁሉ ግቢው ውስጥ ክብ ሠርቶ ይቆምና፣ ከሱስ ርቆ የቆየበትን ቀን ቁጥር ጮክ ብሎ ይናገራል። "አርባ ሁለት!" "ሰባት!" "መቶ ዘጠና!" ሦስት መቶ ስልሳ አምስት የሞላለት ሰው የውጭውን በር ቁልፍ ይቀበላል፤ ሌላው ሁሉ አንኳኩቶ ነው የሚገባው። የወደቀ ደግሞ ከአንድ ይጀምራል። ማንም አይስቅበትም። አባዬ ያን ቃል ሲሰጠኝ ሹፌሩ ሁለት መቶ አሥር ላይ ነበር። የቀረውን መቁጠር የእኔ ሥራ ሆነ።

ሦስት መቶ ሃምሳ ስድስተኛው ቀን ሐሙስ ዋለ። የመጨረሻዋን መንጋጋ ልነቅልለት ቀጠሮ ነበረን። ጥርሷ ሥሯ የተቆላመመ፣ እልኸኛ ነበረች፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ታገለችኝ። ሰፍቼ ስጨርስ ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል።

"ማደንዘዣው ሲለቅህ ያምሃል" አልኩት።

"ይመመኝ። ሕመም አዲሴ አይደለም።"

አንጀቴን በላው። ጠንካራ የሚባለውን ማስታገሻ ከቦርሳዬ አወጣሁ። የክፍሉ በር ላይ በትልልቅ ፊደል "ማንኛውም መድኃኒት በእትዬ እጅ ብቻ ያልፋል" ተብሎ ተጽፏል። እትዬ የምንላቸው የቤቱ አስተዳዳሪ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ነርስ ሆነው የሠሩ፣ የመድኃኒቱን ቁም ሣጥን ቁልፍ ከወገባቸው የማይለዩ ሴት።

"ለእትዬ ስጪያቸው" አለኝ ክኒኑን ሲያይ። ድምፁ ትንሽ ሰለለ።

"ዘጠኝ ቀን ለቀረው ሰው ክኒን እየቆጠሩ ሊሰጡት ነው እንዴ?" አልኩት እየሳቅኩ። "እኔ አምንሃለሁ እኮ! ለሦስት ቀን ነው፤ ሲያምህ አንድ አንድ።"

እጁን ይዤ ጣቶቹን ከፈትኩ፤ አሥሩን ክኒን መዳፉ ላይ አስቀምጬ ጣቶቹን መልሼ ገጠምኳቸው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔን ስለነካኝ መስሎኝ ልቤ ጮቤ ረገጠ።

በቀጣዩ ሐሙስ፣ ስፌቱን ላወጣለት የምጠብቀው ሰው ቀረና የክፍሉ ጓደኛ ካርዱን ይዞልኝ መጣ። ገለበጥኩት። "ለዶክተር። የእኔን ቀጠሮ ለሌላ ሰው ይስጡልኝ። ስፌቱን እትዬ አውጥተውልኛል። ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ።"

"ይስጡልኝ" የምትለዋን ቃል ደግሜ ደጋግሜ አነበብኳት። ከስድስት ወር በኋላ እንደገና "እርስዎ" ሆኜ ቁጭ አልኩ። በመስኮቱ አሻግሬ ሳይ መተኮሻው ጋ ቆሟል፤ ጀርባውን ሰጥቶኛል፤ አንዱን አንሶላ ይተኩሳል፣ ይገለብጣል፣ መልሶ ያንኑ ይተኩሳል። ቀና ብሎ ቢያየኝ ምን ነበረበት? አላየኝም። ቁልፉ ሊደርሰው ሁለት ቀን ሲቀረው የእኔ ነገር በቃው አልኩ። ወይም አባዬ አንድ ነገር ብሎታል።

"ምን አልከው?" አልኩት አባዬን፣ ቤት ገብቼ ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ።

"እኔ? ምንም! ምን ሆነሻል?"

ምን እንደሆንኩ እንዴት ብዬ ልንገረው። ተንቄያለሁ ልበለው? ክፍሌ ገብቼ ካርዶቹን ከትራሴ ሥር አወጣሁና ልቀዳቸው ሞከርኩ። እጄ እምቢ አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት የመተኮሻው አዳራሽ ተጠርጎ ወንበር ተደርድሮበታል። ለጋሾቹ ሁሉ መጥተዋል፤ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ፣ ፋርማሲስቱ፣ መምህሩ፣ አንሶላቸው እዚህ የሚታጠብላቸው ሆቴሎች ሥራ አስኪያጆች። የዕለቱ ቆጠራ እነሱ ባሉበት ሊደረግ ነው። አልሄድም ብዬ ምዬ ነበር፤ ግን ያለኝን ምርጥ ቀሚስ ለብሼ፣ የቀረብህን እይ ለማለት፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተገተርኩ። በሁለት ቀን ውስጥ እንዲህ ይከሳል ሰው? ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል፤ ፊቱ ግን አመድ መስሏል።

አባዬ ቁልፉን በአንድ እጁ፣ ንግግሩን በሌላው ይዞ "እነዚህ ወንድሞቻችን" ብሎ ጀመረ። ሁላችንንም እስኪበቃን አመሰገነን። በመጨረሻም ወደ ሹፌሩ ዞረና "እንግዲህ ቁጥሩን ከራሱ አንደበት እንስማ" አለ። ሰው ለማጨብጨብ እጁን አዘጋጀ።

"ዘጠኝ" አለ ሹፌሩ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳይሰማ አጨበጨበና ብቻውን መሆኑን ሲያይ አቆመ።

"ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው" አለ እንደገና፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ወድቄያለሁ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ጠዋት ግቢው ውስጥ ቆሜ ዋሽቻችኋለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።"

እትዬ ከወንበራቸው ተነሡ። ቁጣ ፊታቸው ላይ አልነበረም፤ የነርስ ፊት ነበር።

"ምን ወሰድክ?"

"ክኒን። አሥር፣ በአንድ ጊዜ።"

"ከየት አመጣኸው?"

"እሱን አልናገርም።"

"ከየት አመጣኸው ተባልክ እኮ!" አለ አባዬ። ማይክሮፎኑ ገና በእጁ ስለነበረ ጩኸቱ አዳራሹን ሞላው።

"ጋሼ፣ የዋጥኩት እኔ ነኝ። እጁም የእኔ፣ አፉም የእኔ ነው። ሌላ ሰው የለበትም።"

"ሕጉን ታውቀዋለህ፣ ልጄ" አሉ እትዬ። "መውደቅ ከዚህ ቤት አያስወጣም። መድኃኒት ያስገባውን ሰው መደበቅ ግን ያስወጣል። ሠላሳ ነፍስ አደራ አለብኝ። ነገ ያ ሰው ለሌላው ቢያቀብልስ?"

"አውቃለሁ፣ እትዬ። ልብሴን ሰብስቤ ጨርሻለሁ።"

ቦርሳው በሩ ሥር ተቀምጧል። ያኔ ነው የገባኝ። አሥር። ለሦስት ቀን፣ ሲያምህ አንድ አንድ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እጁ ለምን ይንቀጠቀጥ እንደነበር፣ "ለእትዬ ስጪያቸው" ሲል ድምፁ ለምን እንደሰለለ፣ ለምን "እርስዎ" እንዳለኝ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። የናቀኝ የመሰለኝ ሰው እኔን ለመሸፈን ተመልሶ ጎዳና ሊወጣ ነው። ሐኪም ነኝ ባይዋ ደግሞ ምርጥ ቀሚሴን ለብሼ ኩርፊያዬን ይዣለሁ።

ቆምኩ።

"እኔ ነኝ የሰጠሁት።"

"ዶክተር፣ ተይ!" አለ ሹፌሩ።

"ዶክተር አትበለኝ!" አልኩት፤ ድምፄ ለራሴም አስደነገጠኝ። "ስም ታውቅልኛለህ፤ በስሜ ጥራኝ!"

"ቁጭ በይ፣ ልጄ" አለ አባዬ ማይክሮፎኑን በመዳፉ ሸፍኖ። "ማን ፊት እንደምትናገሪ ታውቂያለሽ? እነዚህ ሁሉ ለጋሾች ናቸው!"

"አልቀመጥም፣ አባዬ። እነሱ ናቸው መስማት ያለባቸው።" ወደ ሰዉ ዞርኩ። "ሕጉ በሩ ላይ ተጽፏል፤ በየሐሙሱ አነበዋለሁ። እሱ ራሱ ለእትዬ ስጪ ብሎኛል። እኔ ግን እንደማምነው ላሳየው ፈለግሁ። ፍቅሬን ልገልጽ ብዬ ሦስት መቶ ሃምሳ ስድስት ቀን የሸሸውን ነገር እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ማስወጣት ካለባችሁ እኔን አስወጡ።"

እትዬ ወደ እኔ መጡ።

"ሦስት ወር እዚህ ግቢ እንዳትገቢ" አሉኝ። "ስትመለሺ ከራስ ምታት ክኒን ጀምሮ ፈትሼሽ ነው የማስገባሽ።" ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ። "አንተ ቦርሳህን ወደ ክፍልህ መልስ። ነገ ጠዋት ትክክለኛ ቁጥርህን ትነግረናለህ።"

የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ለመሄድ መስሎኝ ነበር። "እኔ ዳቦ የማመጣው ላልወደቀ ሰው ብቻ መስሎኝ አያውቅም" አለች። "ነገም ይመጣል።" ሥራ አስኪያጆቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንደኛው "የሰኞው አንሶላም እንዳለ ነው" አለ። አባዬ ግን ቁልፉን በእጁ እንደጨበጠ አዳራሹን ጥሎ ወጣ። ሲሄድ ሳየው ቅስሜ ተሰበረ። ቃሉ ቃል ነው፤ አንዲት ቀን ከጎደለች ብሎኛል፤ የጎደለው ደግሞ ሦስት መቶ ሃምሳ ስድስት ነው።

እትዬ ከግቢው ከመውጣቴ በፊት አምስት ደቂቃ ፈቀዱልን። የታጠፈ አንሶላ እስከ ደረት በተቆለለበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆምን።

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

"ለአንቺ ብዬ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር" አለኝ። "ስምሽ እንዳይጠፋ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ለራሴ ነው። የአባትሽ በር ወለል ብሎ ታየኝ፤ ዘጠኝ ውሸት ብቻ ነው የቀረኝ አልኩ። ትናንት ንግግሬን ስለማመድ ቁጥሩ ጋ ስደርስ ምላሴ ተሳሰረ። በዚያ ቁጥር ባገባሽ፣ ጠዋት ጠዋት ፊትሽን ባየሁ ቁጥር ልዋሽሽ ነው።"

"ክኒኑን የሰጠሁህ እኔ ነኝ።"

"የሰጠሽኝ አንድ አንድ እንድወስድ ነው። ይህን አትውሰጂብኝ፤ የእኔን ጥፋት ከወሰድሽብኝ መዳኑንም ትወስጂብኛለሽ።" ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። "ሌላ ዓመት ጠብቂኝ ልልሽ አልችልም። ምን ፊት አለኝ?"

"ማን ጠይቅ አለህ? እኔ ራሴ ወስኛለሁ" አልኩት እያለቀስኩ። "ደግሞ አንተን መጠበቅ አይደለም፤ አብሬህ ልኖር ነው የምፈልገው። ብትወድቅ ለእትዬ ነግሬ፣ ብትቆም ካርድ ጽፌልህ።"

እጁን ዘረጋና ጉንጬ ላይ የወረደውን እንባ በአውራ ጣቱ ጠረገው። ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠራኝ። ስሜ እንዲህ ያምር ኖሯል እንዴ?

ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማንና ዞርን። አባዬ በሩ ላይ ቆሟል። ምን ያህሉን እንደሰማ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ገባና አንሶላዎቹን እያየ መናገር ጀመረ፤ እኛን ማየት የከበደው ይመስላል።

"ዋሽተኸኝ ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ ተቃቅፈን ፎቶ እየተነሣን ነበር" አለ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ቤቴ ይዤህ ሄጄ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬህ፣ ልጄን እሰጥህ ነበር።"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ሲዋሸኝ የምከፍትለትን በር፣ እውነቱን ሲነግረኝ ልዘጋበት ነው?" ለማን እንደጠየቀ አላወቅንም። አባዬ መንገድ ላይ ብቻውን ሲከራከር የቆየ ሰው መሰለኝ፤ ክርክሩንም የተሸነፈ። ቁልፉን አውጥቶ አየውና ኪሱ ውስጥ መለሰው። "ይህን አልሰጥህም። የቤቱ ነው፤ ሕግ አለው።"

"አይገባኝም፣ ጋሼ። ቢሰጡኝም አልቀበልም።"

"የእኔ በር ግን የእኔ ነው" አለ አባዬ። "ነገ እሑድ ነው። ምሳ ና።"

ሹፌሩ እኔን አየ፣ አባዬን አየ። ያልገባው ነገር ያለ ይመስል በጣም ዝግ ብሎ ተናገረ። "ጋሼ፣ ነገ እኮ ገና አሥር ቀኔ ነው።"

አባቴ፣ ያ ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ካልሞላ ስሙ አይነሣብኝ ያለው ሰውዬ፣ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው።

"አሥር ይበቃል" አለ።

ደስታ ጉልበት እንደሚያሳጣ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። የሆቴሉ ንጹሕ አንሶላ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩበት፤ እትዬ ቢያዩኝ ሁሉንም እንደገና ያሳጥቡኝ ነበር።